ዲዛይንም ትምህርትም ምርምርም ያለበት ማስተርስ፦ ጎንደር ልቅር ወይስ ልውጣ?

የሒሳብ ቲቸር
ሰላም የመድረኩ ሰዎች፣ ምክር ፈልጌ ነው።

ጎንደር ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ። አፕላይድ ማት ጨርሼ፣ ፒጂዲቲ (የመምህርነት ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ) ወስጄ ነው ክፍል የገባሁት። አሁን ማስተርስ ልጀምር ነው። ቤተሰብ "ወይ ማትህን ቀጥል፣ ወይ ኤምቢኤ ያዝ" ይላል። እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ሸፍቷል።

የማስተምራቸው ልጆች ውስጥ ዓይነ ስውራን አሉ። ስሌትና ስታይለስ በሚባሉት የብሬል መጻፊያዎች ኖት ሲይዙ እኔ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳልጨርስ ይጨርሳሉ። አልጀብራው ላይ ማንም አይቀድማቸውም። ግራፍ ሲመጣ ነው ነገር የሚበላሸው። እኔ ሰሌዳው ላይ እስላለሁ፣ እነሱ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል። ፈተና ላይ ደግሞ የግራፉ ጥያቄ ይዘለልላቸዋል። ነጥቡስ? እሱን አትጠይቁኝ።

አንድ ቀን ካርቶን ላይ የኤክስ ስኩዌርን ግራፍ በሲባጎና በኮላ ሠራሁ። አግድሙም፣ ቋሚውም፣ ኩርባውም ሲባጎ። አንዷ ተማሪ ጣቷን ግራ ጫፍ ላይ አድርጋ ኩርባውን ተከትላ ወረደች። ታች መሐል ላይ ስትደርስ ቆመች። "ቲቸር፣ እዚህ ጋ መንገዱ ለሁለት ተከፈለብኝ" አለች። እውነቷን ነው። ኩርባው አግድሙን መስመር የሚነካው እዚያ ነው። በዓይን ለሚያይ ሰው ምንም ግር አይልም። ለጣት ግን ሁለቱም ያው ሲባጎ ነው። አግድሙንና ቋሚውን በልብስ ስፌት ክር ቀየርኳቸው፣ ኩርባው ሲባጎ እንደሆነ ቀረ። ሳትቆም ወርዳ ወጣች። "ታዲያ ዜሮ ጋ ነካው እንጂ አልቆረጠውም ማለት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። የሚያዩት ተማሪዎች ጠይቀውኝ የማያውቁትን ጥያቄ!

ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር ተለክፌያለሁ። ኢንተርኔት ላይ ሳስስ (ኔትወርክ ሲገኝ) ዲዛይንን፣ ትምህርትንና ተግባራዊ ምርምርን አጣምረው የሚያስተምሩ ፕሮግራሞች ውጭ ሀገር እንዳሉ አየሁ። እንዲህ ያለ ዲግሪ ይበላል? ወይስ እዚሁ ሆኜ መሥራት እችላለሁ?

ፒያሳ ማተሚያ
ዲዛይን ከሆነ ማስተርስ ምን ያደርግልሃል፣ ኮረልና ፎቶሾፕ እኔ አስተምርሃለሁ ሃሃ። ቀልዴን ነው። ግን ከካርቶኑ የተሻለ ነገር እኔ ጋ አለ፣ በኋላ እጽፍልሃለሁ። ደንበኛ መጣ።

ማራኪ
ወንድሜ፣ ማስተርሱን ትተህ ቴሲሱን ምረጥ። የትኛውም ዲፓርትመንት ግባ፣ መጨረሻ ላይ የሚያሠሩህ ምንድን ነው? ያን ጠይቅ።

እኔ በቅርቡ ነው የጨረስኩት፣ ግቢውን አልጠራም። ፕሮፖዛል ይዤ ስሄድ አንድ ነገር ሠርቼ መሞከር ነበር ያሰብኩት። "ሳምፕል ሳይዝህ ስንት ነው?" ተባልኩ። በቃ፣ እዚያው አለቀ። ሁላችንም የምናውቃት ቁጥር አለች፦ 384። ፕሮፖርሽኑ ካልታወቀ 50 ፐርሰንት ትላለህ፣ ኮንፊደንስ 95፣ ማርጅን 5፣ ፎርሙላው 384 ይሰጥሃል። ለማይመልሱት 10 ፐርሰንት ትጨምርና 422 መጠይቅ ታባዛለህ። ከዚያ ኤስፒኤስኤስ (ዳታ መተንተኛው ሶፍትዌር)፣ ከዚያ ምዕራፍ አራት፣ ከዚያ "የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጥ"።

መጠይቅ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። አንድ ችግር ስንት ሰው ጋ እንዳለ ለማወቅ ይጠቅማል። አንተ ግን ያሉህ ተማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የአንተ ጥያቄ "ስንቶች ተቸገሩ" አይደለም፣ "ምን ብሠራ ያነቡታል" ነው። ይኼን ለአድቫይዘር ማስረዳት እስክትችል ድረስ ፀጉርህ ይሸብታል።

ስታት ነኝ
422 ሳይሆን 423። 422.4 ነው የሚመጣው፣ ወደ ላይ ነው የሚጠጋጋው። ይቅርታ፣ አላስቻለኝም።

ኮሌጅ ግቢ
እናንተ ልጆች፣ ጎንደር ላይ ተግባራዊ ምርምር እንደሌለ አድርጋችሁ አታውሩ።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እኮ የተወለደው ከችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ሜዳ ላይ ወባ ገብቶ ሕዝብ ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመት፣ በእኛ 1947 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ተከፈተ። የሰለጠኑት የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን ናቸው። ሦስቱ ለየብቻ ተምረው በየፊናቸው የሚበተኑ አልነበሩም። አንድ ላይ ቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ይወርዱ ነበር። እሱ ነው እስከ ዛሬ ቲቲፒ (ቲም ትሬኒንግ ፕሮግራም) የምንለው።

ቲቲፒ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ቀበሌ ትገባለህ፣ ቤት ለቤት ትዞራለህ፣ ችግሩን ትለያለህ፣ ከዚያ "ለይቻለሁ" ብለህ ብቻ አትመለስም፣ የሆነ ነገር ሠርተህ ነው የምትወጣው። እኛ ምንጭ አጎልብተናል፣ ሽንት ቤት ቆፍረናል። ከዕቅዳችን ግማሹን አንዲት እናት ናቸው የጣሉት። "እዚህ ብትቆፍሩት ክረምት ውሃ ይሞላዋል" ብለው ቦታውን አስቀየሩን። ዳባት ያለውን የምርምር ጣቢያም አትርሱ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ልደቱንም ሞቱንም እየተከታተለ ይመዘግባል። ይኼ ሁሉ ተግባራዊ ምርምር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በሀገር ደረጃ "የምርምር ዩኒቨርሲቲ" ተብለው ከተለዩት ስምንቱ አንዱ ነው። ስለዚህ ስታመለክት አንገትህን አትድፋ። እንደውም ጥያቄህን ይዘህ በሩን አንኳኳ።

ማራኪ
@ኮሌጅ ግቢ ጋሼ፣ ጤናው ላይማ ማን ይከራከራል። ቲቲፒ ያለው ግን ጤና ላይ ነው። ትምህርት ላይ እንዲህ ያለ ነገር የት አለ? መምህር ለመሆን የሚማር ልጅ ፕራክቲኩም ወጥቶ የሚያደርገው ኋላ ወንበር ተቀምጦ ቅጽ መሙላት ነው።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ የሒሳብ ቲቸር፣ ጽሑፍህን አንብቤ ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን በሙሉ መምህራን ሳሠለጥን የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ትንሽ ላውራ።

"ተግባራዊ ምርምር" የሚለው ነገር ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ሞልቷል። የተሙማ (የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) ፋይል የሌለው መምህር አለ? ርዕሱ ሁልጊዜ ያው ነው፦ "የተማሪዎች ማርፈድ"፣ "የቤት ሥራ አለመሥራት"። መፍትሔውም ያው ነው፦ "ምክር ተሰጥቷል"። ለደረጃ ዕድገት ይታሰራል፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። የሐሳቡ አባት ኩርት ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1946 ሲጽፈው እንዲህ እንዲሆን አልነበረም። ታቅዳለህ፣ ታደርጋለህ፣ የሆነውን ታያለህ፣ ዕቅድህን ትለውጣለህ፣ እንደገና ታደርጋለህ። እኛ ሀገር የመጀመሪያዋ ዙር ላይ ማኅተም ይመታና ያበቃል።

አንተ የሠራኸው ሁለተኛውን ዙር ነው። ሲባጎውን በክር ስትቀይር።

አሁን ደግሞ ከዚያ አንድ እርምጃ የሚሄድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 አን ብራውንና አለን ኮሊንስ የሚባሉ አሜሪካ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች "የዲዛይን ሙከራ" የሚል ሐሳብ ይዘው መጡ። ብራውን ቤተ ሙከራ ውስጥ ስለ ትውስታ ታጠና የነበረች የሥነ ልቦና ሰው ናት። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሠራላት ነገር ሕፃናት የሚንጫጩበት ክፍል ውስጥ ሲገባ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ማስተማሪያውን እዚያው ክፍል ውስጥ እየሠሩ፣ እያሻሻሉ፣ ለምን እንደሠራና ለምን እንዳልሠራ መጻፍ ያስፈልጋል አለች። ልዩነቱ ይህ ነው። ተግባራዊ ምርምር የአንተን ክፍል ችግር ቢፈታ ይበቃዋል። ይኼኛው ግን "ደብረ ታቦር ያለው መምህርስ ከዚህ ምን ይወስዳል?" ብሎ ይጠይቅሃል። "ሲባጎ ተጠቀም" ብትለው ሲባጎ ላያገኝ ይችላል። "ዘንጉና ኩርባው ለጣት ይለዩ" ብትለው ግን ከየትም ፈልጎ ይሠራዋል።

ይኼን ለመማር አውሮፕላን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የሚገባው አማካሪ ነው። እሱን ማግኘት ደግሞ፣ አልዋሽህም፣ ከቪዛ ሊከብድ ይችላል።

ፎርዝ ይር
ይቅርታ ከርዕስ ልውጣና፣ ኤክዚት ኤግዛም ላይ የሪሰርች ሜተድ ጥያቄ ይበዛል?

ማራኪ
@ፎርዝ ይር እንደ ዲፓርትመንትህ ነው፣ ብሉፕሪንቱን እይ። 50 ካመጣህ አለፍክ። ሌላ ክር ክፈትለት።

ብልኮ
ሁላችሁም ስለ ሐሳብ ታወራላችሁ፣ ስለ እንጀራ ላውራ። እኔ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ እሠራለሁ፣ የት እንደሆነ ይቅር።

አንድ ሰው "ዲዛይን" የሚል ዲግሪ ይዞ ሲመጣ የሥራ መደቡ ላይ "ተዛማጅ ሙያ" የሚለው ዝርዝር ውስጥ እፈልጋለሁ። ከሌለ የለም። ውጭ የተማርከውንም ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ወስደህ አቻ ግምት ታሠራለህ። እዚያም የሚታየው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ነው። ስለዚህ ዲግሪው ላይ "ትምህርት" የሚል ቃል ይኑርበት። ውስጡ ሰባ ፐርሰንት ዲዛይን ይሁን ግድ የለም፣ ስሙ ግን ትምህርት ይበል። ያለበለዚያ ማስተርስ ይዘህ በዲግሪ ደመወዝ ታስተምራለህ።

አትሂድ ማለቴ አይደለም። ሥርዓቱ እንዲህ ስለሆነ ነው።

እታለም ኦቲ
@ብልኮ ልክ ነው፣ እኛም አይተነዋል። እኔ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነኝ። ሥራ ስጀምር ዘመዶቼ "የሥራ ሐኪም" ነው የሚሉኝ፣ ሥራ የሚያስገኝ መስሏቸው ስንቱ ሲቪ ልኮልኛል!

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አካል ጉዳተኝነት ላይ ያተኮረ ፕሮግራም አለው። የኦቲ ትምህርት በሀገሪቱ መጀመሪያ የተከፈተውም እዚሁ ነው። አየህ፣ ከዚያ በፊት በመደብ ዝርዝሩ ላይ የእኛ ሙያ አልነበረም። አንድ ሰው መጀመር አለበት።

የእኛ ሥራ ግማሹ ዲዛይን ነው፣ ስሙን አንጠራውም እንጂ። እጇ የማይጨብጥላት ሴት ጭልፋ መያዝ እንድትችል እጀታውን በጨርቅና በጎማ እናወፍራለን። ከዚያ ቤቷ ሄደን ወጥ ስታወጣ እናያለን። ክሊኒክ ውስጥ የያዘችው ጭልፋ ቤት ውስጥ ዘይት ሲነካው ያሟልጫታል። ጎማውን ገልብጠን ሻካራውን ወደ ውጭ እናደርገዋለን። ይኼ ነው ሥራው።

ወደ ግራፍህ ልምጣ። ጣት እንደ ዓይን ሁሉንም በአንዴ አያይም፣ ተራ በተራ ነው የሚያነበው። ብሬል ላይ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ያሉ ነጥቦች ከመሐል እስከ መሐል 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ይራራቃሉ። መስመሮችህን ከዚያ በታች ካቀራረብክ ይዋሃዳሉ፣ 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ክፍተት ስጣቸው። የግሪድ መስመር ሁሉ አታስገባ፣ ለሚያይ ሰው የሚረዳው ለጣት ጫካ ይሆንበታል። ተማሪዎችህ መቼ ነው ማየት ያቆሙት? ከልደት ከሆነና በስድስት ዓመት ከሆነ ይለያያል። ድሮ ያየ ልጅ ኪዩብ በወረቀት ላይ ሲሳል እንዴት እንደሚመስል ሊያስታውስ ይችላል። ከልደት ያላየው ግን ያ ሥዕል ምንም አይነግረውም፣ ኪዩቡን ራሱን እጁ ላይ አስቀምጥለት።

ለማስተርስ ደግሞ ልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርትን አስበው። ስሙ ላይ "ትምህርት" አለበት፣ @ብልኮም ደስ ይለዋል።

ከሄልሲንኪ
እኔ የአዘዞ ልጅ ነኝ፣ አሁን ፊንላንድ። እዚህ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ውስጥ እየተማርኩ ስለሆነ ውስጡን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፣ እዚህ ሁለት ዓይነት ዩኒቨርሲቲ አለ። አንዱ የተለመደው ነው። ሌላው "አፕላይድ ሳይንስ" የሚባለው። ለሁለተኛው ማስተርስ ከዲግሪ በኋላ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቁሃል። መምህርነትህ እዚህ ላይ ይጠቅምሃል፣ ቲቸር። ቴሲሱም ብዙ ጊዜ ከሥራ ቦታህ በመጣ ችግር ላይ ነው የሚሠራው። ክፍያ ግን አለ። ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ተማሪ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ይከፍላል። ስኮላርሺፕ ሳትይዝ "እዚያ ሄጄ ሠርቼ እከፍላለሁ" ብለህ እንዳትነሳ፣ በጣም አደራ።

ትምህርቱ ምን ይመስላል? ስቱዲዮ ነው። ሰኞ የሠራኸውን ግድግዳ ላይ ትለጥፋለህ፣ ሁሉም ይተቸዋል። እዚህ ሰው ሲተች ፊቱን አያጠቁርም፣ ስሜቱን ግን መልመድ ይጠይቃል። እኔ ሀገር ቤት "ጎበዝ" ተብዬ ነው ያደግኩት፣ መጀመሪያ ሰሞን ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ።

ምርምሩን በተመለከተ፣ ክሪስቶፈር ፍሬይሊንግ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1993 ሦስት ቦታ የከፈለውን ደጋግመው ይጠቅሱልሃል። ስለ ዲዛይን ማጥናት አለ፣ ታሪኩን እንደማለት። ለዲዛይን ማጥናት አለ፣ ዕቃ ከመሥራትህ በፊት መረጃ የምትሰበስበው። ሦስተኛው ዲዛይን እያደረጉ ማጥናት ነው፣ መሥራቱ ራሱ ጥናቱ ሲሆን። የአንተ ሲባጎ ሦስተኛው ውስጥ ነው። ግን አንድ ግዴታ አለው። እያንዳንዱን ሙከራ መመዝገብ አለብህ። የተጣለው ካርቶን ከተሳካው እኩል ዋጋ አለው። የመጀመሪያውን እንዳትጥለው!

ለማመልከቻ ፖርትፎሊዮ ይጠይቃሉ። ሰው ቆንጆ ሥዕል መስሎት ይፈራል። የሚፈልጉት ሂደቱን ነው፦ ምን ሠራህ፣ ልጅቷ ምን አለች፣ ምን ለወጥክ።

"ዲዛይን የሀብታም ሀገር ነገር ነው" ለሚል ደግሞ ህንድን ይይ። ነፃነቷን ካገኘች ገና ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ አሕመዳባድ ላይ ብሔራዊ የዲዛይን ተቋም ከፈተች። ያኔ ሀብታም ነበረች?

አቋቋም
አንዲት ነገር ጣል ላድርግ። ጎንደር በአታ አቋቋም ተምሬያለሁ፣ አሁን መንግሥት መሥሪያ ቤት ነኝ። እዚያ 384 ሰው ጠይቀህ አትመረቅም። መምህሩ ፊት ቆመህ፣ ጸናጽሉን ይዘህ፣ ስትሳሳት እዚያው እየታረምክ ነው የምታስመሰክረው። የሄልሲንኪዋ እህታችን ስቱዲዮ ያለችው አዲስ አልሆነብኝም።

ከሄልሲንኪ
@አቋቋም ሃሃ ይኼን ለፕሮፌሰሬ እነግረዋለሁ።

ማራኪ
እሺ፣ ሀገር ውስጥስ? ፋሽንና ቴክስታይል ከሆነ ባሕር ዳር ኢቴክስ አለ። አርክቴክቸርና ሕንፃ ከሆነ ልደታ ኢአይኤቢሲ። አዲስ አበባ አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አለ (አዎ፣ "አለ" የሰው ስም ነው፣ የመሥራቹ የአለ ፈለገ ሰላም)። ግን ዲዛይንን ከማስተማር ጋር አጣምሮ የሚሰጥ ማስተርስ ለሚፈልግ ሰው ያለው መንገድ መቀጣጠል ነው። አንድ ዲፓርትመንት ገብተህ ከሌላው ሁለተኛ አማካሪ ትለምናለህ።

ጡረተኛው መምህር
ልደታን ካነሳህ አይቀር፣ ያ ግቢ ድሮ የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ነበር። እሱም እ.ኤ.አ. በ1954 ነው የተከፈተው፣ ከጎንደሩ ኮሌጅ ጋር እኩያ ናቸው። ከስዊድን ጋር በነበረው ሥራ ለገጠር ተማሪ ቤቶች ሕንፃ ዲዛይን ይደረግ ነበር። ይኸው ዲዛይን፣ ይኸው ትምህርት። ዛሬ ግን ሁለቱ አይተዋወቁም።

የሒሳብ ቲቸር
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ከጠበቅኩት በላይ ነው።

ሁለት ነገር ላደርግ ወስኛለሁ። ጋት (የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን) ተፈትኜ እዚህ በአካቶ ትምህርት አመለክታለሁ። ፕሮፖዛሉን ጡረተኛው መምህር እንዳሉት "ለጣት የሚለይ ግራፍ" ላይ አድርጌ ነው የምገባው። አድቫይዘሩ "ሳምፕልህ አነሰ" ካለኝ የአን ብራውንን ስም እጠራለታለሁ፣ ከዚያ የሚሆነውን እናያለን። ጎን ለጎን የውጭውን ስኮላርሺፕ እሞክራለሁ። ከተገኘ እሰየው። @ብልኮ የአቻ ግምቱ ነገር አስደንግጦኛል፣ ግን ጥሩ ነው ቀድሜ መስማቴ።

@እታለም ኦቲ አንዷ ከልደት ነው፣ ሌላው ልጅ በኋላ ነው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ካርቶን ነው ስሰጥ የነበረው። የግሪዱንም ነገር ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ለሄልሲንኪዋ፦ ፖርትፎሊዮው ላይ የተማሪዋን ፎቶ ላስገባ?

ከሄልሲንኪ
ፊቷ የሚታይበት አታስገባ። እጇን ብቻ አንሳ፣ ካርቶኑ ላይ። ስሟንም ትምህርት ቤቱንም አትጻፍ። ከዚያ በፊት ግን ለእሷ ራሷ አንብብላትና "ይሁን" ትበል፣ ከወላጆቿም ፈቃድ በጽሑፍ ያዝ። ኋላ ኤቲክስ ኮሚቴ ሲጠይቅህ እሱ ወረቀት ያድንሃል።

ፒያሳ ማተሚያ
ተመለስኩ። እኔ ጋ ስቲከር የሚቆርጥ ፕሎተር አለ። ስቲከሩን ደራርበህ ስትለጥፈው ከፍ ይላል። ዘንጉን አንድ ድርብ፣ ኩርባውን ሦስት ድርብ ማድረግ ይቻላል። ኮላው እስኪደርቅ መጠበቅ የለም፣ አሥር ተማሪ ቢኖርህ አሥሩም አንድ ዓይነት ይወጣል። ሥራውን በኮረል ሠርተህ አምጣ፣ መስመሩን ሁሉ ወደ ከርቭ ቀይረው። ፒዲኤፍ አምጥተህ "ቁረጥልኝ" እንዳትለኝ።

የሒሳብ ቲቸር
@ፒያሳ ማተሚያ ኮረል አልችልም እኮ።

ፒያሳ ማተሚያ
መጀመሪያ ላይ ምን አልኩህ? ቅዳሜ ከሰዓት ና። የስቲከሩን ብቻ ትከፍላለህ፣ ለልጆቹ ስለሆነ የመቁረጫውን አላስከፍልህም። ልጅቷንም ይዘሃት ና፣ ስንት ድርብ እንደሚበቃ እሷ ትንገረን።